ዳኑ የተባሉ ጥርሶች

ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የነቀላ ክፍሏ ሲስተር መዝገቧን በብብቷ ሸጉጣ ወጣቱ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ገባች። ሰላምታም አላስቀደመች።

«ዶክተር፣ የእናንተ መዝገብ ጥርሱን አዳንኩ ይላል፤ የእኔ ያንኑ ጥርስ ነቀልኩ ይላል። ማንኛው ነው የሚዋሸው?»

ሐኪሙ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። በስብሰባው የሚቀርበውን የአምስት ዓመት ጥናት ያጠናቀረው እሱ ነው። በጥናቱ ላይ ያለው መስመር ዓመት በዓመት ሽቅብ ይወጣል፤ የጥርስ ሥር ሕክምና ከሁለት መቶ ተነስቶ ዘጠኝ መቶ ደርሷል። ለስብሰባው የሚመጡት የረጂ ድርጅት እንግዶች ይህን አይተው አዲስ የጥርስ ሥር ሕክምና ክፍል ከፈቀዱ ኃላፊው እሱ እንደሚሆን ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል። ሰው መቼም ሹመት ሲሸተው አፍንጫው እንጂ ዓይኑ አይሠራም።

ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ አመሳከረ። ነገሩ ሲገባው ክው አለ። የጥርስ ሥር ሕክምና በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ጥርሱ ተከፍቶ የታመመው ነርቭ ይወጣና በጊዜያዊ ሙሌት ይሸፈናል፤ ታካሚው ለማጽዳትና ለመድፈን ገና ሁለቴ መመለስ አለበት። በዚህ ክፍል ግን መዝገቡ የሚሞላው በመጀመሪያው ቀን ነበር፣ «ታከመ» ተብሎ። ሕመሙ የጠፋለት ሰው ደግሞ ምን ቆርጦት ይመለሳል? ከወራት በኋላ ጉንጩ አብጦ ሲመጣ የሚገባው በነቀላው በር ነው። ልማዱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ሁሉም ይከተለው ነበር፣ እሱም ጭምር።

«ምን ላድርግ ሲስተር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ነቃይ ነኝ!» ብላው ወጣች።

ጊዜ ስላልነበረው ከሦስት ወር በፊት የነበረውን የአንድ ወር ካርድ ብቻ አስወጣ። ስም አላነበበም፤ የሁለተኛው ቀጠሮ ቦታ ባዶ የሆነውን እየለየ ቆጠረ። ከሰባ አምስቱ አርባ አንዱ አልተመለሱም።

አዳራሽ ሲገባ ነባሩ የጥርስ ክፍል ኃላፊ እንግዶቹን እያስተዋወቁ ነበር። አንድም ጥርስ ሳይነቀንቁ አያልፉምና ተማሪዎቻቸው «አባ ነቅንቅ» ይሏቸዋል። የመርፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡም ጥቂት ወር ቀርቷቸዋል። እሳቸውን በሰው ፊት ማዋረድ ለእሱ ያለ ማደንዘዣ ከመነቀል አይተናነስም ነበር።

ተራው ደርሶ ቆመ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ይህ መስመር የጀመርናቸውን ነው የሚያሳየው፣ የጨረስናቸውን አይደለም» አለ። «በአንድ ወር ብቻ አርባ አንድ ሰው ሳይጨርስ ቀርቷል። እኛ ዳኑ ብለን ጽፈናል።»

አንደኛው እንግዳ ብዕሩን ከደነ። የኃላፊው የግንባር ሥር ተገተረ።

«ካርዶቹን አምጣቸው!»

መነጽራቸውን አጥልቀው አንድ በአንድ ገለጡ። ሊጮኹበት ነው ብሎ ሲጠብቅ እጃቸው አንዱ ካርድ ላይ ቆመ።

«እኚህ እናትህ አይደሉም እንዴ?» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቱ ነበረች። ጥርሷን ከፍቶ፣ ሕመሟን አስቁሞ «ታከመ» ብሎ የፈረመው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥርሷ አንድም ቀን አልጠየቃትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ደውልላቸው» አሉ ኃላፊው።

ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ።

«እማዬ፣ ያ ጥርስሽ እንዴት ነው?»

«ጥርሱስ አያምም እኮ ልጄ።» ድምፅዋ አፏ ውስጥ ጉርሻ የያዘች ይመስል ታፍኗል። «ከትናንት ጀምሮ አገጬ ሥር አበጠ እንጂ። ልጄ አዳነኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ፣ አሁን አመመኝ ብል ስምህ ይነሳል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።»

ሐኪሙ እብጠቱ ትንፋሿን ሊዘጋ ወደ ጉሮሮዋ እየወረደ መሆኑን ለማወቅ ራጅ አላስፈለገውም። ኃላፊው ፊቱን አይተው «አምቡላንስ!» ብለው ጮኹ። እሱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነበር።

«መጣሁ እማዬ! እንዳትተኚ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ! ስልኩን እንዳትዘጊው!»

«ምነው ልጄ?» አለችው፣ በቁጣ ሳይሆን በመገረም። «ዳነ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?»