የሩፋኤል ዝናብ ምን በደለ?

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት፣ ገና ዓይኔን በደንብ ሳልገልጥ፣ ናርዲ አልጋዬ ላይ ወጥታ "እማማ፣ ደመና አለ!" አለችኝ።

"ምን ዓይነት ደመና?" አልኳት፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ።

"ጥቁር! ሰቶ ሰመሮ ሰፈርን በሙሉ ሸፍኖታል!"

ብድግ አልኩ። ጅማ በጳጉሜ ደመና አጥታ አታውቅም፤ የዛሬው ግን ቃል የተገባበት ደመና ነው። ሩፋኤል ነዋ! በዚህ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እናቶች በሳፋ ያጠራቅሙትና ሊጡ ላይ ጠብ ያደርጉታል፤ ልጆች ደግሞ ልብሳቸውን ጥለው ይወጡና "ሩፋኤል አሳድገኝ!" እያሉ ይዘላሉ።

ናርዲ የልጄ የወንድወሰን ልጅ ናት። እሱና ሚስቱ ሔራን ሥራቸው ሊሙ ገነት ስለሆነ፣ ልጅቷ ለትምህርቷ ብላ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷን ያየ ግን ስድስት ነው የሚላት። ትምህርት ቤት በሰልፍ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ የምትቆመው እሷ ናት፤ የክፍሏ ልጆች "ጭብጦ" ይሏታል። አራት ዓመቷ ሳለ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል የከረምነውን እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ሩፋኤል በመጣ ቁጥር በሩን እቆልፍባታለሁ። እሷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታያለች፤ የጎረቤታችን የቲጃኒ ልጅ ሩፈይዳ ደግሞ ግቢው መሀል ትዘላለች።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሩፈይዳ ከአምናው ሩፋኤል ወዲህ ተመዘዘች! እኩያሞች ነበሩ፤ አሁን ናርዲ ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው የምትደርሰው።

"እማማ፣ እሷን ሙስሊሟን ሩፋኤል አሳደጋት፤ እኔን ክርስቲያኗን ግን ረሳኝ" ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ አንጀቴን በላው። ዘንድሮ ሐኪሙ አዳምጧት "ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ እንደ ልጅ ትሩጥ" ሲል ከአፌ አመለጠኝና ቃል ገባሁላት። "ለሩፋኤል ትወጫለሽ!"

ቃል ገባሁ እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ሁለት ፎጣ አጠብኩ። ወፍራም ካልሲ፣ ሹራብ፣ ደረቷን የማሽበት ቪክስ፣ ሁሉንም ወንበር ላይ ደረደርኩ። ከሰሉንም ጠዋቱኑ አቀጣጠልኩት፤ ፎጣው ሞቆ እንዲጠብቃት። ናርዲ በየደቂቃው ወጥታ ሰማዩን ታይና ትመለሳለች። እሷ ስትቦርቅ እኔም ልቤ ይመታል፤ የእሷ በደስታ፣ የእኔ በፍርሃት። ቆይቶ ግን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ የእኔም ወደ ደስታው ተጋባ።

አራት ሰዓት ገደማ የወንድወሰን ሞተር ሳይክል ግቢ ገባ። የቡና መፈልፈያ ኃላፊ ነው፤ ለአዲስ ዓመት ነገ ከሔራን ጋር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዛሬውኑ ቀድሟት መጣ። ናርዲ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"አባዬ፣ እንኳን መጣህ! ዛሬ እኮ እወጣለሁ!"

"የት ነው የምትወጪው?"

"ዝናቡ ውስጥ ነዋ! ሩፋኤል ሊያሳድገኝ!"

ፊቱ ጠቆረ። ቀስ ብሎ አወረዳትና ወደ እኔ ዞረ። "እማዬ፣ ይሄንን አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?"

"ማን ያስተምራታል? አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።"

"አገሩ ሁሉ ስላደረገው ልክ አይሆንም። ክርስትና ሳይገባ በፊት ሰው ለዝናብ ይሰግድ ነበር። ለወንዝ ይገብራል፣ ዛፍ ቅቤ ይቀባል። ኋላ የመልአክ ስም ለጠፉበትና ልማዱ ቀጠለ። በስልኬ የምከታተላቸው መምህር ሁሉንም ከሥሩ አስረድተዋል። የባዕድ አምልኮ ትራፊ ነው። ልጄ አትወጣም።"

መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ከቃሌ የሚያወጣኝ ሰው መጣልኝ! ልጅቷን አይበርዳትም፣ አያስላትም፣ ጥፋቱም የእኔ አይሆንም። ቪክሱን ወደ መሳቢያው ልመልስ እጄን ዘርግቼ ነበር። ናርዲ ግን ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እማማ፣ እኔ ጣዖት ላመልክ ነበር እንዴ?"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አንድ ክፉ ነገር ስታደርግ እንደተያዘች ሁሉ ድምጿ ቀጠነ። እጄ ቪክሱ ላይ ቀረ። እኔ ስከለክላት የኖርኩት ለሳንባዋ ብዬ ነው፤ "ብርድ ይመታሻል" የተባለ ልጅ ያኮርፍና ይረሳል። "ጸሎትሽ ጣዖት ነው" የተባለችው ግን ምኑን ትርሳው?

"ወንዴ" አልኩት፣ "ችቦውንስ ምን ልትለው ነው?"

"እሱንም እያሰብኩበት ነው።"

"አደይ አበባውንስ?"

"እሱንም እያየሁት ነው።"

"እይ! አስብ! ብቻ ዶሮው ላይ ማሰብ እንዳትጀምር፤ ገዝቼዋለሁ!"

ሳይወድ ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"እማዬ፣ ቀልድ አይደለም። ባለፈው ሰኔ አንድ ሠራተኛዬ ልጁ በትኩሳት ስትነድ ሐኪም ቤት አልወሰዳትም። የተባረከ ውሃ አለ ተብሎ እሱን እያፈሰሱባት ቀናት ቆዩ። እኔ ስደርስ ዓይኗ ተገልብጦ ነበር። በሞተር አቅፌ ነው ያደረስኳት። ተረፈች። ግን ያን ቀን የናርዲ የአራት ዓመቷ ፊት ነው የታየኝ። ልጄ ዕድገቷንና ጤናዋን ከዝናብ እንድትለምን አልፈልግም።"

ልጄ እንደ እኔ ፈሪ ነው ለካ። እኔ ቪክስ ደርድሬ እፈራለሁ፣ እሱ መምህር ሰምቶ ይፈራል።

"ልክ ነህ" አልኩት። "ያ ሰውዬ አጥፍቷል። ነገር ግን ሩፋኤል ሐኪም ቤት አትሂዱ ብሎ ያውቃል? ስምንተኛ ክፍል ድረስም ቢሆን ተምሬያለሁ፣ መጽሐፈ ጦቢትን አንብቤያለሁ። የዓይነ ስውር አባትህን ዓይን በዓሣ ሐሞት ቅባው ብሎ ለልጁ መድኃኒት ያዘዘ መልአክ እኮ ነው! ሐኪም የሚጠላ መልአክ አይደለም። ዝናቡንም ቢሆን የጥንት ሰዎች ሰግደውለት ከሆነ፣ የላከውን ስላላወቁ ነው። ዝናቡ ምን በደለ? የላከውን ስላወቅን እኛ ከመስኮት ኋላ እንቅር?"

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ቲጃኒ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ቲጃኒ ሄርማታ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከወንድወሰን ጋር በዚሁ ግቢ አንድ ላይ ነው ያደጉት። እኔንም በኦሮምኛ "ሃርሜ" ይለኛል፣ እናቴ ማለቱ ነው።

"ሃርሜ፣ እንደምን አደሩ? ሩፈይዳ ከበሩ አልነቃነቅ አለችኝ። ናርዲ ካልወጣች አልወጣም አለች። አንተ ወንዴ! መቼ መጣህ?"

"አሁን። ናርዲ ግን አትወጣም።"

"ለምን? አመማት?"

ወንድወሰን ነገሩን አስረዳው። ቲጃኒ ሳቁን ለቀቀው።

"ወላሂ፣ እኔም ቤት ይሄው ንግግር አለ! ታላቅ ወንድሜ 'የክርስቲያኖችን ዝናብ ልጅህ ምን ትሠራበታለች' ይለኛል። ወንድሜ፣ ዝናብ መታወቂያ አለው እንዴ? የአላህ ረሕመት፣ ምሕረቱ ነው፣ ከጌታው ዘንድ ገና መምጣቱ ነው። እኔ ልጄን ረሕመት ውስጥ ትዝለል ብያታለሁ።"

"አንተ እንደፈለግህ።"

"ተው እንጂ! ሱሪህን ጥለህ እስከ መስጊዱ አጥር የሮጥከው ማን ነበር? 'ሩፋኤል፣ ከቲጃኒ አስረዝመኝ!' ስትል እኔ አጠገብህ ነበርኩ።"

ናርዲ ዓይኗ ፈጠጠ። "አባዬ? አስረዘመህ?"

ቲጃኒ ከጎኑ ቆመና እጁን ከራሱ አናት ወደ ወንድወሰን አናት አንሸራተተ። እጁ ብዙ ወረደ። ወንድወሰን እንደ ልጁ አጭር ነው።

"ሩፋኤል እየመረመረው ነው" አለ ቲጃኒ። "ፋይሉ አልተዘጋም።"

ናርዲ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ወንድወሰን ግን አልሳቀም። ወደ በሩ ሄደና ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ዘበኛ ሆነ በቃ።

ዝናቡም እልህ ያዘው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎደ፣ ነፈሰ፤ አንድ ጠብታ አልጣለም። ምሳ በላን። ከሰሉን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። ናርዲ ከአባቷ ወንበር ኋላ ቁጢጥ ብላ ሰማዩን በእሱ ትከሻ ላይ ታያለች። ሩፈይዳ በወዲያኛው በር፣ ናርዲ በዚህኛው በር፤ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። ቀጥሎም ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከዚያማ ወረደ! የጅማ ዝናብ ሲወርድ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ ነው የሚቆመው። ሰፈሩ በልጅ ጩኸት ተናወጠ። "ሮብኒ ዱፌ! ዝናቡ መጣ! ሩፋኤል አሳድገኝ!" በኦሮምኛው፣ በአማርኛው፣ የክርስቲያኑ ልጅ፣ የሙስሊሙ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ሩፈይዳ ብቻ ከበሯ አልወጣችም። ጓደኛዋን እየጠበቀች ነው።

ናርዲ ወደ እኔ ዞረች። አልለመነችኝም፤ ዝም ብላ አየችኝ።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም። ነጠላዬን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። በልጄ ወንበር አጠገብ ሹልክ ብዬ ዝናቡ መሀል ገባሁ።

ቅዝቃዜው! ትንፋሼ ተቆረጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሁሉ "ከዝናብ ግቡ" ስል የኖርኩ ሴት፣ ግቢው መሀል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ "የናርዲ አያት! የናርዲ አያት!" እያሉ ከበቡኝ።

"እማዬ!" አለ ወንድወሰን ከወንበሩ ተነስቶ። "ምን ሆነሻል? ብርድ ይመታሻል! ግቢ! ሳንባሽን ያምሻል!"

ስለ ጣዖት አንድ ቃል አላነሳም። የሚጮኸው የእኔን ጩኸት ነው፤ ቃል በቃል።

"አልገባም!" አልኩት። "ና አስገባኝ!"

ጃኬቱን አንስቶ ሮጠ። ሁለት እርምጃ እንደሮጠ ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጠፈ። እኔ ጋ ደርሶ ጃኬቱን ራሴ ላይ ሊጥል ሲታገል፣ በሩ ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አንድ ላይ አየን። ናርዲ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጥታለች! ሩፈይዳም ከዚያኛው በር ተፈተለከች። ግቢው መሀል ተያዙና ዘለሉ።

ወንድወሰን "ናርዲ!" አለ። ቆመች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ግን ያበራል።

"አባዬ፣ ዝናቡን አይደለም የምለምነው" አለች። "እግዚአብሔርን ነው። ሩፋኤል ንገርልኝ ብዬው ነው። ካሳለኝ ደግሞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ መርፌም ቢሆን!"

መርፌ የምትፈራ ልጅ ናት። ወንድወሰን ተመለከታት። ውሃው ከቅንድቡ ይወርዳል፤ እንባ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፣ እናትም ብሆን ዝናብ ውስጥ መለየት አልችልም። ጃኬቱን ከእኔ ራስ ላይ አነሳና ጭቃው ላይ ጣለው።

"መርፌም ቢሆን?" አላት።

"መርፌም ቢሆን!"

"በይ... ዝለይ።"

ቲጃኒ ከበረንዳው ጮኸ። "ወንዴ! አንተም ዝለል እንጂ! ፋይልህን ሊያዩልህ ነው!"

"ዝም በል አንተ ረጅም!" አለና ልጄ ሳቀ። ያ ሳቁ፣ ሱሪውን ጥሎ በሮጠበት ዕድሜው የነበረው ሳቅ ነው። ናርዲ ሁለት እጁን ይዛ ጎተተችው። ዘለለ! የመፈልፈያው ኃላፊ ከነጫማው ዘለለ!

ፎጣው ሞቆ ቆይቶን ነበር። ሁለት ብቻ ስለነበር አንዱን ናርዲና ሩፈይዳ፣ አንዱን እኔና ወንድወሰን ተሻማነው።

በማግሥቱ ናርዲ ደህና አደረች፤ ደረቷን ሦስት ጊዜ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ያስነጠሰኝ እኔን ነው። ወንድወሰን በዝንጅብል የተፈላ ሻይ ይዞልኝ ገባና "ነግሬሽ ነበር" ሊል ሲጀምር ራሱ አስነጠሰ። ናርዲ ከሩፈይዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተለካክታ ተመለሰች። አሁንም ትከሻዋ ላይ ናት።

"ምነው?" አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ።

"ገና ትናንት እኮ ነው የነገርኩት" አለችኝ፣ ምንም ሳይከፋት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ስለ ችቦው አስበህ ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም" አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

"አስብ፣ አስብ" አለችው። "እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለህ።"