ቦይለሩ የት ይሰቀል?

ሱልጣን ድሪሉን የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደደገነ ፍቅርተ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

"እዚህ አይበሳም" አለች።

ሱልጣን በደብረ ታቦር ቧንቧም መብራትም የሚሠራ፣ በሰው ቤት ጭቅጭቅ መሐል መቆም የለመደ ሰው ነው። መሰላሉ ላይ እንዳለ ሞላን ቁልቁል አየው። ሞላ የፍቅርተ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትናንት ቦይለሩን በሚኒባስ አስጭኖ ከባሕር ዳር መጣ። ለእናታችን ጉልበት ነው አለ። የጉና ብርድ የወይዘሮ እቴነሽን ጉልበት ከያዘው ሰነባብቷል፤ የሚታጠቡበትን ውሃ በድስት እያሞቀች የምታቀርብላቸው ደግሞ ፍቅርተ ናት። እስከዚህ ድረስ ደግ ነገር ነው። ግን እናትየው የሚተኙት አስፋልት ዳር ባለው ትልቁ ቤት፣ መታጠቢያውም ከመኝታቸው አጠገብ ሆኖ ሳለ፣ ሞላ ቦይለሩን ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ሰርቪስ ካልሰቀልኩ ብሎ ድርቅ አለ።

"እታለም፣ የትልቁ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው። ውሃ የሞላ ቦይለር ይዞት ይወርዳል።"

"የመታጠቢያው ብሎኬት ነው። አባባ ሲያስገነባው አሸዋ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እስኪ ሱልጣን፣ አንተ ተናገር፤ አይሸከምም?"

"እሱስ ይሸከማል" አለ ሱልጣን፤ ወዲያው ግን የድሪሉን ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

ፍቅርተ ነገሩ ገባት። ባለፈው ጥቅምት አንድ የይፋግ ነጋዴ መጥቶ ትልቁን ቤት ለሱቅ ልከራይ ብሎ ነበር። ያኔ ሞላ በስልክ "ብናስብበት ምን አለበት?" አላለም? ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አልጋቸውን በሜትር ሲለካ ደረሰችበት። ምን ትሠራለህ ስትለው "እንዲያው ነው" አላት። እንዲያው አልጋ የሚለካ ሰው ፍቅርተ አታውቅም። አልጋው ተለካ፣ ሰርቪሱ ተጠረገ፣ አሁን ቦይለር ሊሰቀል ነው፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ አለልሽ ብሎ እማን ወደ ጓሮ፣ ትልቁን ቤት ለነጋዴው። እሷስ የት ልትገባ ነው? የምትቆጨው ለእናቷ ይሁን ለራሷ ማደሪያ አልለየላትም፤ ብቻ ደሟ ፈላ።

"እማን ከቤቷ ልታስወጣት ነው" አለችው።

"እኔ?"

"አልጋዋን አልለካህም? የይፋጉ ሰውዬ አልደወለልህም?"

"ከጥቅምት ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ።"

"ታዲያ ለምን ጓሮ?"

ሞላ ወደ ትልቁ ቤት በር ዞሮ አየ።

ወይዘሮ እቴነሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰሞኑን ምግብ ቀንሰዋል፤ ሥጋማ ጭራሽ ትተዋል። ፍቅርተ ሕመም መስሏት ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ስትጨቀጭቃቸው ከርማለች። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡና የሰርቪሷ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

"እሱን ተይው። ጓሮ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ሆነሽ?"

"ልመነኩስ ነው። የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ ለፍልሰታ ቆቤን እቀበላለሁ። መነኩሲት ሥጋ በሚወጠወጥበት፣ እንግዳ በሚመላለስበት ቤት ምን ትሠራለች? ለኔ ይቺ ትበቃኛለች።"

ፍቅርተ ግድግዳውን ተደገፈች። "ለሱ ነግረሽ ለኔ ደበቅሽኝ?"

"አንቺ ታለቅሻለሻ። ታለቅሺና ታስቀሪኛለሽ።"

እውነታቸውን ነው፤ እያለቀሰች ነበር። አፈረችም፤ ወንድሟን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

"ቦይለሩን ግን እኔ አላልኩም" አሉ እናትየው። "እሱ ነው ካልሰቀልኩ አትገቢባትም ያለኝ። ይስቀለው። ማብራት አለማብራቱ የኔ ነው።"

ፍቅርተ እንባዋን ጠረገች። ይሄን አነጋገር ታውቀዋለች። የተገዛላቸውን ሹራብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠች ሴት ሰጥተው፣ ሣጥን ውስጥ ነው ሲሏት የከረሙ እናት ናቸው። ይሄ ቦይለር አንድም ቀን አይበራም። በቀዝቃዛ ይታጠባሉ፤ ብርዱንም ለነፍሴ ይሉታል።

"ታዲያ ልቀጥል?" አለ ሱልጣን። "ማብሪያውን እዚሁ አልጋቸው በሚቀመጥበት አጠገብ አደርግላቸዋለሁ፤ ሳይነሱ ይደርሱበታል።"

"ቦይለሩ እዚህ ይሰቀል" አለች ፍቅርተ። "ማብሪያውን ግን ሽቦ ጎትተህ ትልቁ ቤት አድርገው። እኔ ጋ፣ ወጥ ቤት ውስጥ።"

"ሩቅ ነው፤ ብዙ ሽቦ ይፈጃል።"

"ይፍጅ።"

ወይዘሮ እቴነሽ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። "አታምኚኝም ማለት ነው?"

"አላምንሽም፣ እማ" አለች ፍቅርተ፤ የድሪሉንም ገመድ አንስታ ራሷ ሰካችው።