ዘጠኝ ሰዓት በጉም ውስጥ

ቀጭ፤ ቀጭ፤ ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ቀ-ቀጭ።

ከጉሙ ውስጥ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ስመጣ ነው የሰማሁት። ቤተልሔሙን ገና አላየሁትም። የበልግ ጉም ከገደሉ ስር ወጥቶ ጥዱንም፣ አጥሩንም፣ የራሴን እግርም ውጦታል። ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ሰባት ወር ቤቴ ቁጭ ብዬ በእንጨት የሠራሁት ሰዓት ነው። ያነክሳል።

ገብቼ ላየው አልችልም። ቤተልሔም የቅዳሴው መሥዋዕት የሚሰናዳባት ጎጆ ናት፤ ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባባትም። እኔ ደግሞ ዲያቆን አይደለሁም። ትናንት ሰዓቷን በበሩ አቀበልኩ እንጂ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሏት እንኳ አላየሁም።

የሠራኋት ለአባ ይሥሐቅ ነው። በሁዳዴ የቅዳሴውን ሰዓት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ከደጁ ፊት ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆሙና የጥላቸውን ጫፍ በዓይናቸው ይዘው፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ በጫማቸው ይሰፍሩታል። የየወሩን ስፍር በቃላቸው ያውቁታል። ስፍሩ ሲሞላ «ደወል!» ይላሉ። ከማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ አገር ሁሉ ያቺን ቃል ነው የሚጠብቀው። አምና ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አንድ ቀን የጥላው ጫፍ ተሳሳተባቸውና ቀድመው አስደወሉ፤ ሕዝቡ ጾም ገደፈ። ቄሰ ገበዝ አፈወርቅ በጉባኤ ፊት፣ «ዘንድሮ አንዲት ቀን ከተሳሳቱ ሰዓቱን በዲያቆኑ ስልክ እናደርጋለን፤ እርስዎም ያርፋሉ» አሏቸው።

ያርፋሉ። አባ ይሥሐቅ ከዚያ ድንጋይ ሌላ ምን እንዳላቸው እኔ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

የሰዓቷን መንኮራኩሮች ከመርሐቤቴ ቆላ በመጣ ወይራ ቀረጽኳቸው። ተንጠልጥሎ የሚያዞራት ክብደት የወፍጮ መጅ ስባሪ ድንጋይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትንሽ የእንጨት መዶሻ ተነሥታ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ትመታለች፤ ዓይን አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ከእንጨት አልሠራ አለኝ፦ መወዛወዣው የሚንጠለጠልባት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የብረት ቅጠል። ምላጭ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ተሰበረ። የመለኪያ ሜትር ብረት ሞከርኩ፤ አልታጠፍ አለ። መሐል ሜዳ ያለውን ሰዓት አዳሽ ብጠይቀው፣ «እኔ ባትሪ ነው የምቀይረው ወንድሜ» ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ቀየት መንደር ድረስ ሄጄ፣ እትዬ ጥሩሸዋ ቤት፣ ከቆመ ብዙ ዘመን የሆነው የግድግዳ ሰዓት ተገኘ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ የሞላው የለም። የምትፈልገውን ውሰድ፣ ሣጥኑን ብቻ ተውልኝ» አሉኝ። አንዲት ቅጠል። ሌላ የትም የለም።

«ምንተስኖት!» ብዬ በበሩ ተጣራሁ።

ዲያቆን ምንተስኖት አብሮ አደጌ ነው። «አቤት፣ የሰዓት ጌታ!»

«ምን አደረጋችኋት? ታነክሳለች እኮ!»

«እኔ አልነካኋትም። እንደ ሠሪዋ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ወድቃ ይሆናላ።»

ከውስጥ የአባ ሳል ተሰማ። «ምስክር፣ አንተ ነህ ልጄ? ደህና ናት፣ አትስጋ። ጠዋት ባረክኋት። ጠበል ረጨኋትና እንዳያበሰብሳት ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋት።»

«የቱ ጋ ነው የጠረጓት አባ?»

«ሁሉንም ነዋ። ያችን ወዲያ ወዲህ የምትለዋንም ጥርግ አድርጌ።»

ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። የተንጠለጠለባትን ቅጠል እኔ እንኳ በትንፋሼ ነበር የማጸዳት፤ ተጣማለች ማለት ነው።

«አባ፣ ለትንሽ ጊዜ ያውጡልኝ። እዚሁ ደጁ ላይ አቃንቼ እመልሳለሁ።»

 አባ ቀስ ብለው፣ «ለቤቱ ተሰጥታ፣ ተባርካ፣ እንዴት ትወጣለች?» አሉ። ቁጣ የለበትም። እንደማይሆን እኔም አውቄ ነው የጠየቅኩት።

«እንግዲያው ምንተስኖት፣ ስማኝ። ክብደቱን በአንድ እጅህ ያዝ። በሌላው መወዛወዣውን ቀስ አድርገህ ወደ ላይ...»

ጠቅ። መንኮራኩሮቹ ትርርር ብለው በረሩ፤ መዶሻዋ ባሌስትራውን መታች፤ ድንጋዩ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

«ቅጠሏ ተሰበረች» አለ ምንተስኖት። አሁን አልቀለደም።

ቤቴ ሮጬ የዕቃ ጣሳዬን ይዤ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ የምንተስኖት እጅ ብቻ ወጣ። የሜትሩን ብረት አሳስቼ ሰጠሁት፤ ሁለት ጊዜ ቀጭ ብሎ ቆመ። እጁ መለሰልኝ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የቆረጥኩትን ሰጠሁት፤ ዝም። እጁ መለሰልኝ። በግድግዳ ተከልዬ በጆሮዬ ብቻ ነው የምሠራው። ጣቶቼ ብርዱን አልችል ብለዋል። ጣሳው ውስጥ የቀረው አንድ ምላጭ ነው። ለሁለት ሰብሬ፣ ጠርዙን በድንጋይ አደንዝዤ አቀበልኩ። ቢበዛ ሦስት ቀን ትቆያለች። ለዛሬ ብቻ ትያዝ እንጂ!

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

እኩል ነው። ድምፁን እየሰማሁ ብቻዬን ሳቅኩ።

«እሺ ኢንጂነር፣ ስንት ሰዓት ላይ ላድርጋት?» አለ ምንተስኖት። «ስልኬ እንደሚለው ከሆነ...»

«ተው!» አሉ አባ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ስልክ ከነገራትማ እሷ ምን ታደርጋለች? እኔስ ምን አደርጋለሁ? በጥላ ነው የምትቃናው።»

አባ የሱፍ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየዳሰሱ ወጡ። ድንጋያቸው ላይ ቆሙ። ሕዝቡ በአጥሩ ጥግ ተኮልኩሏል፤ በጉሙ ውስጥ ነጠላው ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ሕፃን ዳቦ እያለ ያለቅሳል። ቄሰ ገበዝ አፈወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

«አባ፣ ስንት ሆነ?»

አባ መሬቱን አዩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና እንደገና አዩ። ለእሳቸው ጉሙና ሞራው አንድ ዓይነት ነጭ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ምስክር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፀሐይ አለ?»

ምንተስኖት በበሩ ስንጥቅ ስልኩን አሳየኝ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ። ሰዓቱ ትክክል ነው። ማንም ጾም አይገድፍም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አባ ይሥሐቅ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ዋሽቻቸው አላውቅም።

«አለ አባ። ሳሳ ብሎ ወጥቷል። ጥላዎ ሊሞላ... ግማሽ ጫማ ቢቀረው ነው።»

ቄሰ ገበዝ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝና ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ።

አባ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ፤ ጥላው ሊያርፍበት ከሚገባው ቦታ ላይ። ድንጋዩ ርጥብ ነው፤ ፀሐይ የነካው አይደለም። እጃቸውን አላነሡም። ከጢማቸው ጫፍ የጉሙ ጠብታ ወረደ።

«አባ...» አልኩ።  ከግድግዳው ወዲያ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እንዳማረበት።

አባ ቀና ብለው መዳፋቸውን በባናቸው አደረቁ። ሁላችንም «ደወል!» እስኪሉ ጠበቅን። መቋሚያቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ከድንጋዩ ወረዱ። ወደ ቤተልሔሙ አልዞሩም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አልዞሩም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ ባናቸው እጄን ነካኝ።

«ደወል!» ሳይሉ በአጥሩ በር ወጥተው ቁልቁል ሄዱ።