ከሟቹ ስር ያሉ ሰዎች

ወንበሩ ስላልበቃ ዘግይተው የመጡት ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጡ። ካርቶኖቹ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዘው ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበዋል፤ ብርድ ልብስ ስለተነጠፈባቸው ለማያውቅ ሰው ረጅም አግዳሚ ወንበር ይመስላሉ። የሟቹ ታላቅ እህት ፔርሙዝ ይዛ ሻይ እየቀዳች ስታልፍ፣ ብርድ ልብሱ በተሰበሰበበት ጥግ «ሕይወትህ በእጅህ ነው» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አየች። በእግሯ ጫፍ ጎትታ ሸፈነችው። ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ እዚያው ጽሑፉ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ «ምን ዓይነት ሰው አጣን» ይል ነበር።

ወንድሟን ከቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከእነዚህ ካርቶኖች አንዱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲወጣ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ወደቀ። የሕንፃው ዘበኛ ሲደርስ ትንፋሹ አልነበረም።

እህትየዋ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከማሽን ጋር እየተፎካከረች መናገር ስለለመደች ሹክሹክታ አይሆንላትም፤ ስትናደድ ደግሞ ጭራሽ። እነዚህን ሁለት ቀናት ግን አፏን ለጉማ ነው የዋለችው። ብትከፍተው የሚወጣውን ታውቀዋለች። ንዴቷ የሚያርፍበት ሰው ሲፈልግ ያገኘው የወንድሟን ሚስት ነበር። ሚስትየዋ ጥጉን ይዛ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሰው ሲያቅፋት ትታቀፋለች፣ ሲለቃት ትቀመጣለች። «ይቺ ናት» ትላለች እህትየዋ በልቧ፤ «እንደ ሰው ልኑር እያለች የገፋፋችው ይቺ ናት።»

ከታችኛው ፎቅ የመጡት ጡረተኛ መምህርት ስለ ሟቹ ማውራት ጀመሩ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር፤ ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። ሊጠግን ሲመጣ መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ቆሞ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፤ መፍቻ የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማይድን ከሆነ «እማማ፣ ገንዘብዎን አያባክኑበት፣ ይሄ አልቆለታል» ብሎ እጁን ታጥቦ ይወጣል። የድካሜን አይልም። ሥራ የሚውሉ ሰዎች ቁልፋቸውን ትተውለት ይሄዱ ነበር። በሰፈሩ ያልገባበት ማድ ቤት የለም፤ ከገባበትም ማንኪያ ጠፋ የሚል ሰው ተሰምቶ አያውቅም።

መምህርቷ ይህን ሁሉ ጮክ ብለው ተናገሩና ወደ እህትየዋ ጆሮ ጠጋ አሉ። ፍሪጃቸው ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው። ወተታቸውን መስኮት ላይ እያሳደሩ ነው የሚጠጡት። እሱን ያልጠሩት፣ ቢመጣ ፍሪጁን ጠግኖ አይሄድም፣ ተቀምጦ ወረቀቱን ያወጣል ብለው ፈርተው ነው። «ደረጃ ላይ ሲመጣ ሰምቼ በሬን ከውስጥ ቆልፌ የቆምኩበት ቀን አለ» አሉ። «እሱንማ እኮ እንደ ልጄ ነበር የማየው።»

እህትየዋ ፔርሙዙን ይዛ ወደሚቀጥለው ብርጭቆ አለፈች። ወረቀቱን እሷም ታውቀዋለች።

እናታቸው ስትሞት እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙያ እንዲማር ያስገባችውም እሷ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራቫት አስሮ ቤቷ ሲመጣ ሰርግ ውሎ የመጣ መስሏት ነበር። ነጭ ወረቀት ዘርግቶ አንድ ክብ ሣለ። ከክቡ ስር ሁለት፣ ከሁለቱ ስር አራት። ሁሉን በሽታ ያድናል የሚባል እንክብል በካርቶን ገዝቶ አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ ካስገባ፣ እነሱም እንዲሁ ሁለት ሁለት ካስገቡ፣ ከዚያ በኋላ ተኝቶ መብላት ነው። ቀኙን ሞልቶታል። ግራውን ደግሞ እሷ ብትይዝለት።

«እኔ ግን ወንድሜ፣ ግራው ሳይሆን ግራ ነው የገባኝ» አለችው። ሁለቱም እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። አብረው የሳቁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ይጨቃጨቁ ነበር። የእሷ ጥያቄ የተወሳሰበ አልነበረም። ሁሉም ሻጭ ከሆነ ገዢው ማን ነው? ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲያልቅ ምን ሊያደርጉ ነው? እንክብሉ እንደሚወራለት ከሆነ ለምን እንደ ማንኛውም መድኃኒት በፋርማሲ አይሸጥም? የሚሰጣት መልስ ግን የእሱ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ቃል ነበር በእሱ አፍ የሚወጣው። አንድ ቀን «ህልምሽ ምንድን ነው?» አላት፤ ንፍጡን ጠርጋ ያሳደገችውን እህቱን።

«ህልሜ አንተ ፍሪጅህን ስትጠግን ማየት ነው» አለችው።

እሱ ግን መጠገኛ ሱቁን ዘጋ። እሷንም አሉታዊ ሰው ናት አላት። እንክብል ሻጮቹ በስብሰባቸው ከአሉታዊ ሰው ራቁ ብለው አስተምረውት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ማድ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሆኑ። እህትየዋ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«አሁን ንገሪኝ» አለች። «እዚህ ነገር ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

ሚስትየዋ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው የምታስተናግድ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁንም አላደረገችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጣላው እንደኖረች ነገረቻት። ሱቁን ሲዘጋ እግሩ ላይ ወድቃ ለምናዋለች። የደም ግፊቱን ክኒን በየጠዋቱ ከሻዩ አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ እያየችው አፉ ውስጥ ይከታል። ትናንት፣ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ተሰቅሎ የቀረውን የሥራ ቱታውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ክኒኖቹን እዚያ አገኘቻቸው። ምላሱ ስር እያስቀረ ያወጣቸው ነበር።

«ለምን?» አለች እህትየዋ።

«አዳራሽ ውስጥ አቁመው አስመሰከሩት፣ እትዬ። ‹እንክብሉን ከጀመርኩ ወዲህ ግፊቴ ድኗል› አለ። ያን ሰሞን እውነትም ቀንሶለት ነበር፤ ክኒኑንም ይወስድ ስለነበር ይሆናል። ከመሰከረ በኋላ ግን ክኒን መዋጥ ሰው ማታለል ሆነበት። ያውቁት የለ፣ ውሸት አይሆንለትም። እነሱን ላለመዋሸት ብሎ እኔን ዋሸኝ።»

ያጠበችውን ብርጭቆ ደፋችና ሌላ አነሳች።

«ባለፈው ወር ወደ እርስዎ የላክሁት እኔ ነኝ። እርስዎን ይሰማል፣ ሆስፒታልም ይወስዱታል ብዬ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ተመልሶ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም።»

ያን ቀን እህትየዋ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ቦርሳውን ይዞ በሯ ላይ ሲቆም «ወንድሜ ከሆንክ ግባ፤ ሻጭ ከሆንክ በሩን ከውጭ ዝጋው» አለችው። ትንሽ ቆመ። ፊቱ አባብጦ ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያላት። ሆስፒታል የምትውል ሴት ሆና ያንን ፊት አየችና አላየችውም። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ የእንክብል ሻጮቹ መሪ መጣ። «መሪያችን» ነው የሚሉት። ካርቶኖቹ ላይ የተቀመጡት ብድግ ብድግ አሉለት። ሚስትየዋን አቅፎ «ኮከባችን ጠፋ» አለ፤ ተቀምጦ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። የተቀዳለትን ሻይ አልነካም። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

በእንዲህ ያለ ቀን ይህን ማንሳት እንደሚከብደው፣ ሆኖም ለቤተሰቡ ብሎ እንደሆነ አስረዳ። የሟቹን ቦታ በወር ውስጥ የሚይዘው ከሌለ ይዘጋል። ሚስቱ ፈርማ ከተካችው ግን ከእሱ ስር ያሉት ሁሉ ከእሷ ስር ይሆናሉ፤ ልፋቱ መና አይቀርም። የሚያስፈልገው ፊርማዋና አንድ አዲስ ግዢ ብቻ ነው።

እህትየዋ ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። አንድ ሰው እንኳ ይቆጣል ብላ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፈርሚው እንጂ እህቴ» አለ። «እኛም እኮ ከእሱ ስር ነን። ቦታው ከተዘጋ እኛስ?»

ፀጉር ሠሪዋ እውነቱን ነው አለች። ዘበኛው ወለል ወለሉን ያያል። ያኔ ነው ለእህትየዋ የገባት፤ ሦስት ቀን ሻይ ስትቀዳላቸው የሰነበተችው ሰዎች ግማሾቹ ወንድሟ ወረቀት ላይ የሣላቸው ክቦች ናቸው። ማን ለለቅሶው፣ ማን ለቦታው እንደመጣ መለየት አቃታት። ምናልባት እነሱም ለይተው አያውቁትም።

«ወንድሜ ክኒኑን መተዉን ታውቅ ነበር?» አለችው። ድምፅዋ የልብስ ማጠቢያው ድምፅ ነበር።

መሪው ክኒን አቁሙ ብለው ለማንም እንደማይናገሩ ገለጸ። የየሰዉ የግል ውሳኔ ነው፤ ወረቀቱም ላይ ከታች በደቃቁ ተጽፏል። ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ ሟቹ በመጨረሻው ሰሞን ተስፋ መቁረጥ ጀምሮት እንደነበር፣ ከስብሰባም ይቀር እንደነበር ጨመረ። «ሥርዓቱ ይሠራል» አለ። «አንዳንዴ የማይሠራው ሰውየው ነው።»

እህትየዋ ፔርሙዙን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። እጇ ላይ ቢቆይ ምን እንደምታደርግበት ራሷን አላመነችም።

«የማይሠራው ሰውየው ነው?» አለች። «ይሄ ሰውዬ ያልሠራበት ቀን የለም። እጁ ላይ ሙያ ነበረው። ቁልፉን የሚሰጠው ሰፈር ሙሉ ሰው ነበረው። አንተ እንክብል አልሸጥክም፤ የሸጥከው ያንን ነው። ሰው በሩን የሚከፍትለትን ወንድሜን ወሰድክና፣ ሰው ሲያየው በሩን የሚቆልፍበት አድርገህ መለስክልኝ። ሲሳካ ሥርዓቱ ሠራ፣ ሲሞት ሰውየው አልሠራም?»

መሪው ሐዘን ላይ ስለሆነች እንደሚረዳት ተናገረ።

ሚስትየዋ ከጥጓ ተነሳች። መኝታ ቤት ገብታ ሰማያዊውን ቱታ ይዛ ወጣችና ኪሱን ወረቀቱ ላይ ገለበጠችው። ክርና አቧራ የተጣበቀባቸው፣ አንዳንዶቹ በምራቅ የሟሙ ነጫጭ ክኒኖች ፊርማው ከሚያርፍበት መስመር ላይ ተበተኑ። ጥቂቶቹ ተንከባለው የመሪው ጫማ ስር ገቡ።

«የእሱ ቦታ ይኸው» አለች። «የፈለገ ይፈርም።»

መሪው ወረቀቱን አራግፎ አጠፈው፤ ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ እንደሚሄድ ተናግሮ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ተከተለው፤ ከእሱ ኋላ ፀጉር ሠሪዋ፣ ከእሷ ኋላ ሌሎች አራት ሰዎች። ድምፃቸው ከደረጃው ይሰማል፤ ቦታውን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆነ እየጠየቁት ነበር። እህትየዋ እስከ በሩ ሄደች። ልትጮኽባቸው አፏን ከፈተች። የቆሙበት ደረጃ ወንድሟ የወደቀበት መሆኑን ስታይ ተወችው።

ዘበኛው አልወጣም። ተንበርክኮ ክኒኖቹን ከወለሉ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። እሱም ከሟቹ ስር ነበር። ቀና ሳይል እየለቀመ አለቀሰ።

ለቀስተኛው ሲበተን ሁለቱ ሴቶች ማድ ቤት ገቡ። የእህትየዋ ንዴት አልበረደም ነበር። ብርጭቆ ከብርጭቆ እያጋጨች ታጥባለች፤ አንዱ እጇ ላይ ተሰነጠቀ። መሪውን ሰደበች። ዳቦ ጋጋሪውን ሰደበች። ካርቶኖቹን፣ አዳራሹን፣ ያጨበጨበውን ሁሉ ሰደበች። ስድቡ ሲያልቅባት፣ ቧንቧው እንደተከፈተ፣ ባለፈው ወር ወንድሟን በሯ ላይ ምን እንዳለችው ተናገረች። አንድም ቃል አላለሳለሰችም።

ሚስትየዋ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋች። ፎጣ አነሳችና በሳሙና የተሰነጣጠቀውን የእህትየዋን እጅ ይዛ ጣት በጣት አደረቀችው፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ያዘች። ሁለቱም ከደረቁ በኋላ ማድረቋን አላቆመችም።