አቡጀዲ ላይ የተተከለ ቡና

ሊያ ጥቅሉን ፈትታ ጨርቁን ስትዘረጋ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» የሚል ነበር። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ግን ቅጠል በጨርቅ ላይ የሚያትም ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም።

አሠራሩን ታውቀዋለች። አቡጀዲውን ኮምጣጤ የገባበት ውሃ ውስጥ ትነክራለች፤ ከጓሮ የለቀመችውን ቅጠል ትበትንበታለች፤ የዛገ ምስማር ተዘፍዝፎበት በከረመ ውሃ የራሰ ሌላ ጨርቅ ከላይ ታለብሰዋለች። ከዚያ በቧንቧ ቁራጭ ላይ ጠቅልላ፣ በሲባጎ ጥርቅም አድርጋ አስራ፣ በእንፋሎት ታበስለዋለች። ሲፈታ የቅጠሉ መልክ ከነጅማቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቀለሙ እንዳሻው ነው፤ ቢጫ ስትጠብቅ ጥቁር ይወጣል። ይህን ለምዳዋለች። ያላስቀመጠችው ቅጠል ታትሞ ሲወጣ ግን አይታ አታውቅም።

እሷ የበተነችው የጽጌረዳና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በመሀሉ ግን የቡና ቅጠል በረድፍ በረድፍ ተሰልፏል፤ ረድፉ ገመድ ተወጥሮ የተተከለ ይመስል ቀጥ ያለ ነው።

ያን ቀን ምን እንዳደረገች አስታወሰች። ቅጠሉን እንደበተነች ጎረቤቷ ወይዘሮ ፈድሊያ በአጥር ጠሯት፤ ወሬው ረዘመ። ስትመለስ የላይኛው ጨርቅ ለብሶ አገኘችው። ራሷ አልብሳው የሄደች መስሏት ዝም ብላ ጠቀለለችው።

ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አቶ ደምመላሽ ሊሙ አካባቢ የቡና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይረሳሉ፤ ጫማቸውን ተጫምተው ጫማዬ የት ገባ ይላሉ። የሊያን ሥራ አንድ ቀን አመስግነውት አያውቁም። «ዲግሪ ይዘሽ ቅጠል ትቀቅያለሽ» ነው የሚሏት።

«አባባ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የደረደሩት?»

«ምኑን?»

«የቡናውን ቅጠል።»

ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩት። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ጨዋታ አልጫወትም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ወይዘሮ ፈድሊያ ግን ነገሩን አሳጠሩት። «ወላሂ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንቺ ጀርባሽን ለጨርቁ ሰጥተሽ ስታወሪኝ እሳቸው ከኋላሽ አጎንብሰው በስንዝር እየለኩ ያስቀምጡ ነበር። ሲጨርሱ አለበሱት።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አብራችሁ የምትሠሩ መስሎኝ ነዋ፣ ልጄ።»

ሊያ ከዚያ በኋላ ነው ይበልጥ የተምታታባት። አባቷ ጨርቁ የችግኝ መደብ መስሏቸው ቡና ተከሉበት? ወይስ የእሷን ብትን አይተው አንድ ነገር ጎደለው አሉና ሞሉት? የመጀመሪያው ከሆነ ልታለቅስ ይገባታል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚገባት አላወቀችም።

ኤልያስ ሥራዎቿን ሊያይ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃል። ሌሎቹን ጨርቆች እያመሰገነ አለፋቸው፤ ቡና የታተመበት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን እንዴት ሠራሽው? ብትኑና ረድፉ እኮ እየተጣሉ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨምሪልኝ።»

«እሞክራለሁ» አለች። ሞከረችም። ራሷ በረድፍ ስትደረድረው የመጋረጃ አበባ መሰለባት። በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣላት። ጨርቁን ዘርግታ፣ የቡና ቅጠል በቅርጫት ሞልታ አባቷ ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ አኖረችና አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ዞር ብላ ላለማየት ከራሷ ጋር ታገለች። ስትመለስ ጨርቁ እንደነበረ ነው፤ ቅርጫቱ ግን ባዶ።

«ቅጠሉስ፣ አባባ?»

«ለፍየል የቆረጥሽው መስሎኝ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ግን ፍየል የለም። የት አሰርሻት?»

ፍየል ኖሯቸው አያውቅም። ሊያ ሳቀች፤ ከዚያ ባዶውን ቅርጫት አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ለዐውደ ርዕዩ ያው አንዱ ጨርቅ ሄደ። ከሥሩ ለሚለጠፈው ጽሑፍ ኤልያስ ስም ሲጠይቃት ብዙ አሰበችና «ሊያ እና ደምመላሽ» ብላ ላከችለት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ያልገባት ቢሆንም።

የመክፈቻው ዕለት አባቷን ሱፍ አልብሳ ይዛቸው ሄደች። አቶ ደምመላሽ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «ሊያ ደምመላሽ። በትክክል ጽፈውልሻል።»

ሊያ ወደ ኤልያስ ዞረች። «‹እና› የምትለዋ የት ሄደች?»

«በስህተት የገባች መስሎኝ አወጣኋት። ስምሽ አይደል እንዴ?»

ልታስረዳው ስትጀምር ዓይኗ ወደ አባቷ ሄደ። አባቷ ይሄኔ ጨርቁ ጋ ተጠግተው ረድፉን በስንዝር ይለካሉ።

«ተጠጋግቷል» አሉ። «ቡና እንዲህ ተጠጋግቶ አይተከልም። ማን ነው የተከለው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። ያስታወሱ መሰላት፤ ደግሞ ያላስታወሱ መሰላት። «እኔ ብሆን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቦታው ጠቦኝ ነው የሚሆነው። ያንቺ ጽጌረዳ ይዞብኛል።»

ሊያ ከኤልያስ እስክሪብቶ ተቀበለች። ጎንበስ ብላ በሁለቱ ስሞች መካከል «እና» ብላ ጻፈችበት፤ ፊደሉ ጠማማ ሆነ። አቶ ደምመላሽ ከትከሻዋ በላይ ሆነው ተመለከቱ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሏት ቅር ብሏቸው። «ደህና የተጻፈውን ስምሽን አበላሸሽው እኮ።»