ያልተቋጠረው ጉንጉን

ኖሄያ ያን ምሽት ከባሏ ጋር እራት ለመብላት የወጣችው ልትለየው ነበር። ዌስሊ በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ያስያዘው ከሦስት ወር በፊት፣ ለጋብቻቸው አምስተኛ ዓመት ነው። እሷም አልሰረዘችውም። ቤት ውስጥ ከአፏ አልወጣ ያላትን ነገር ሰው ባለበት፣ መጯጯህ በማያምርበት ቦታ ልትነግረው አስባለች፤ ቅዳሜ ማዊ ደሴት ወደምትኖረው እህቷ ትሄዳለች፣ የመመለሻ ትኬት አልቆረጠችም።

ጽንሱ በአራተኛው ወር ከወረደ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ዌስሊ በሦስተኛው ቀን ወደ ጀልባው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መረብ ይጠግናል፤ ያላፈሰሰ ቧንቧ ሳይቀር ፈትቶ ይገጥማል። እሷ ስታለቅስ ተነሥቶ ይወጣል። ይሄ ሰው ምንም አልጎደለበትም፣ ብላ ደመደመች።

የሂሎ ከተማ ዝናብ የምግብ ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበው ገቡ። ዌስሊ በየሐሙሱ ጠዋት ዓሣ የሚያስረክባቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ አክስቴ ሌይሞሚ፣ በሩ ላይ ተቀበሏቸው። በዝምድና አይደለም፤ በከተማው አክስቴ የማይላቸው የለም።

«መጣችሁ! በዚህ ሰፊ ቀሚስማ መንታም ይደበቃል» አሉና ከክንዳቸው ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ጉንጉን አንሥተው ኖሄያ አንገት ላይ አኖሩት።

ኖሄያ ወደ ደረቷ ስታይ ክው አለች። የጉንጉኑ ሁለት ጫፎች ሳይገናኙ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። በአገሩ ልማድ ለእርጉዝ ሴት የተቋጠረ ጉንጉን አይጠለቅም፤ እትብቱ በልጁ አንገት ይጠመጠማል ይባላል።

አክስቴ ሌይሞሚ ወንበር እየሳቡላት ቀጠሉ። «ጥሬ ዓሣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ የበሰለ አዝዤልሻለሁ። ያ ምግብ አብሳዩ ልጄ ደግሞ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ የአያቱን የጎደሬ ገንፎ በማንኪያ ጫፍ ሳህን ላይ እየቀባ ይሸጥልኛል። እሷ ብታየው በጭልፋው ትለው ነበር! አንቺ ግን ለሁለት ነው የምትበዪው፣ በጎድጓዳ ሳህን አስመጣልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳ በሆድሽ ያለው ልጅ እንዴት ነው ስለው፣ እያደገ ነው አለኝ አባትየው።»

እየሳቁ ወደ ኩሽና ገቡ።

ኖሄያ ባሏን አየችው። እሱ የሚያየው የውሃ ብርጭቆውን ነው።

«ዛሬ ጠዋት?» አለችው ቀስ ብላ።

«በየሐሙሱ ይጠይቁኛል።»

«አንተስ?»

«እያደገ ነው እላለሁ።» ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። «በመጀመሪያው ሐሙስ ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ኖሄ። ዓሣውን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ መንቀሳቀስ ጀመረ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ይራገጣል አልኳቸው።»

አስተናጋጇ ምግቡን አምጥታ አስቀመጠች፤ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ከኮሪያ በርበሬ ጋር፣ ለኖሄያም ገንፎው በጎድጓዳ ሳህን። ሁለቱም እጃቸውን አልሰደዱም።

«ልጁ ያለው እዚያ ኩሽና ውስጥ ብቻ ነው» አለ ዌስሊ። «ሌላ የትም የለም። እዚያ ግን ሐሙስ ሐሙስ ለአምስት ደቂቃ አለ።»

ኖሄያ አምስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሰው እያየች አላየችውም ነበር። ልታቅፈው ፈለገች። ልትመታውም ፈለገች፤ እሷ ያጣችውን ልጅ እሱ ብቻውን ሲያሳድገው ከርሟል።

«ቅዳሜ እህቴ ጋ ልሄድ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። ሻንጣሽን አይቼዋለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ ላስቀርሽ?»

ኖሄያ ወንበሯን አዞረችና ጀርባዋን ሰጠችው። የጉንጉኑን ጫፎች ከደረቷ አንሥታ ወደ ማጅራቷ መለሰቻቸው።

«ቋጥረው።»

«ኖሄ፣ ተይ።»

«እኔ ከኋላዬ አይታየኝም። ቋጥረው፣ ዌስ።»

በጨለማ፣ በማዕበል፣ በአንድ እጁ ገመድ የሚቋጥር ሰው ነው። አሁን ሁለት ቅጠል አቃተው። አንዴ ጀምሮ ፈታው። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ጠበቅ አደረገውና ግንባሩን ቋጠሮው ላይ ደፋ። ትከሻዋ በእንባው ሲርስ አልዞረችም፤ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ሰደደችለት።

አክስቴ ሌይሞሚ ፈገግ እንዳሉ የበሰለውን ዓሣ ይዘው መጡ። ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርሱ ጉንጉኑን አዩት። ዙሪያውን ገጥሟል። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ሳህኑን እንደያዙ ተመለሱ።

ጥቂት ቆይተው ሌላ ሳህን አመጡና ኖሄያ ፊት አኖሩላት። ዌስሊ ጠዋት ያመጣው ዓሣ ነው፣ ቀይ፣ ጥሬውን የተቆረጠ።

«ብዪ፣ ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው።