ኩሽኔታው እስኪወሰንለት

የውሃ ፓምፑ ጠዋት አንዴ ሲጥ አለና ቆመ። በእግር ፔዳል የሚዞር ፓምፕ ነው፤ መካኒኩ ራሱ ከአሮጌ ብስክሌት የሠራው። ፈታቶ ሲያየው መዞሪያው ላይ ያለው ኩሽኔታ ደርቆ ብረት ብረትን እየፋቀ ነው። አንድ ማንኪያ ግራሶ ቢቀባው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ግራሶ ደግሞ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ሞልቷል። ያስቸገረው የእርሻ ማኅበሩ ደንብ አንቀጽ አንድ ነው፦ «ከበራችን የነዳጅ ዘር አይገባም።»

ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ።

መካኒኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው። ወደዚህ እርሻ የመጣው ሚስቱን ተከትሎ ነው፤ ሚስቱ እናቷን ተከትላ። እናቷ፣ ማለትም አማቱ፣ ማንንም አልተከተሉም፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ስለሆኑ ሰው ሲናገር የሚያዳምጡት በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ ይመስላል።

«ሦስት ሺህ የሽንኩርት ችግኝ ነው» አለ መካኒኩ፣ ከአዳራሹ መሐል ቆሞ። «ማሳ የገባው ትናንት ነው። እስከ ቀትር ውሃ ካላገኘ አለቀለት። የምለምናችሁ አንድ ማንኪያ ብቻ።»

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ማሳ ማሳውን ታያለች። ችግኙን ሃምሳ ቀን ያሳደገችው እሷ ናት። ያምናው በውርጭ ሲያልቅባት «ዘንድሮም ከሞተብኝ ጨርቄን ማቄን ሳልል ከተማ ነው የምገባው» ብላዋለች፤ «ካንተ ጋር» አላለችም።

«ግን» አለ አንዱ። ንግግሩን ሁሉ በዚህ ስለሚጀምር ስሙም «ግን» ሆኖ ቀርቷል። «ግን ግራሶ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከነዳጅ።»

«እንግዲህ!»

«አይቃጠልም እኮ ወንድሜ! ይቀባል! ጭስ የለው፣ እሳት የለው!»

«ዛሬ ማንኪያ፣ ነገ ጀሪካን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ትራክተር።»

ንብ አርቢዋ እጃቸውን አወጡ። «የኔን ሰም ለምን አትሞክረውም?»

«እትዬ፣ ባለፈው ሞክረነው ንቡ ሁሉ ፓምፑ ላይ ሰፍሮ አልነበር? ሁለት ሰው ተነድፎ!»

«ንብ ካልነኩት አይነካም።»

«እነሱ እኮ የነኩት ፔዳል ነው!»

መካኒኩ በመስኮት አየ። ፀሐይዋ ስብሰባ አልተጠራችም፤ ሥራዋ ላይ ናት። «ባይሆን ሁላችንም ተነስተን ከወንዝ በባልዲ እናመላልስ» አለ።

«ግን የተጀመረ ስብሰባ አይቋረጥም። አንቀጽ አራት።»

አማቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ፣ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ያጥናውና ሐሙስ ያቅርብ። አንተም አባል ነህ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ሐሙስ እኮ ሽንኩርቱ ድርቆሽ ነው!»

«በስሜት አትናገር። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሌላ ምን ያደርጋል? አማቱ ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ ቫዝሊን አወጡ። ዶማው የሁሉንም መዳፍ ሰነጣጥቆታልና እሳቸው ከተቀቡ በኋላ ብልቃጡ በረድፍ በረድፉ ዞረ። ንብ አርቢዋ ተቀቡ። «ግን» እስከ ክርኑ ተቀባ። መካኒኩ ጋ ሲደርስ ብልቃጡን ገልበጥ አድርጎ የተለጠፈበትን ወረቀት አነበበ፤ የዘይት ጣሳ ጽሑፍ ማንበብ የሥራ ልማዱ ነው። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ቅባቱ ከነዳጅ ድፍድፍ ተጣርቶ የተሠራ መሆኑ ተጽፏል።

ደግሞ አነበበው። ከዚያ የ«ግን»ን የሚያብረቀርቁ ክንዶች ተመለከተ።

«እማማ፣ ይሄን ልዋሰው?»

«እጅህ ደረቀ?»

«እጄስ ደህና ነው። ለፓምፑ ነው።»

ማንም አንቀጽ አልጠቀሰም። አማቱ ትንሽ አሰቡና «መቼም ይህ የቆዳ ቅባት ነው፣ ምን ይከለክላል? ውሰደው» አሉ።

ኩሽኔታውን አጥቦ፣ ብልቃጡን እስከ ግማሹ በጣቱ ዝቆ ጠቅጥቆበት፣ ገጣጥሞ ሲረግጠው ፓምፑ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ውሃው ከቱቦው ተንደቅድቆ ወጣ፤ ሚስቱ ጫማዋን ሳታወልቅ ቦዩ ውስጥ ገብታ በዶማ ወደ ችግኙ መራችው። ተሰብሳቢው ተንጋግቶ ወጥቶ አጨበጨበ።

«አየህ?» አሉ አማቱ። «ሰው ካሰበበት ያለ ነዳጅ ሁሉም ይቻላል! ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።»

የመካኒኩ ጆሮ ጋለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ሲጮህበት እንዲህ ጨሶ አያውቅም። «እማማ፣ ይሄ ቅባት እኮ...»

ሚስቱ ብልቃጡን ከእጁ ልትወስድ ጠጋ ብላ፣ ጭቃ በጠገበ ቦቲዋ እግሩን ረገጠችው። አጥብቃ።

«እኮ ምን?» አለ «ግን»። «ግን እውነት፣ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«እስቲ ይነበብ» አሉ አማቱ እጃቸውን ዘርግተው።

ሚስቱ ብልቃጡን ቦዩ ውስጥ ነከር አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አቀበለቻቸው። ጭቃው ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል። ወረቀት የሚባል ነገር ግን የለበትም።

«ጽሑፉ የታለ?»

«ውሃ ነክቶት ተላጠ፣ እማዬ።»

አማቱ ብልቃጡን አገላበጡት፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ውሃ የደረሰለትን ሽንኩርት። ክዳኑን ገጥመው ቦርሳቸው ከተቱት።

«ኮሚቴው ግን አይቀርም» አሉ። «ሐሙስ ጠዋት።»

መካኒኩ አፉን ከፈተ፤ እግሩ ገና አልተለቀቀምና መልሶ ዘጋው። ሚስቱ እግሩን ስትለቅለት ኮርቻው ላይ ወጣና ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር።